እንግሊዝኛ ለምን እንቢ አለን? ስለ መምህርና ስለ ማስተማሪያ መንገድ



ዓርብ ጠዋት ከአል አመራት በዋዲ አደይ በኩል ወደ ሩዊ ስንወርድ በመኪናው ውስጥ የማይነሣ ጨዋታ የለም። ደመወዝ ይነሣል፣ የአገር ቤት ወሬ ይነሣል፣ የቋንቋ ነገርም ይነሣል። ዐረብኛውን ብዙዎቻችሁ ወጥ ቤት ውስጥ ሆናችሁ፣ ከልጆቹ ጋር እየዋላችሁ፣ ማንም ሳያስተምራችሁ ይዛችሁታል። እንግሊዝኛ ሲነሣ ግን «የኔ ጭንቅላት አይቀበልም»፣ «ለእንግሊዝኛ አልታደልኩም» የሚለው ቃል ይበዛል። ይህን የምትሉት ደግሞ ትምህርት ቤት ያልገባችሁ አይደላችሁም። ስምንተኛና ዐሥረኛ ክፍል የደረሳችሁ፣ ዐሥራ ሁለተኛን የጨረሳችሁ፣ እንግሊዝኛን ለዓመታት በየሳምንቱ የተማራችሁ ናችሁ። ዐረብኛን በአንድ ዓመት ከወጥ ቤት የለቀመ ጭንቅላት እንግሊዝኛን በዐሥር ዓመት እንዴት አልቀበልም ይላል? ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን ይህ ጥያቄ ነው።

ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ የሚያሳይ አንድ ታሪክ አስቀድመን እናንሣ። የነገረችን እኅት እንድንጽፈው ፈቅዳልናለች፤ ስሟን ግን አንጠቅስም። የምትሠራበት ቤት ሰዎች ከሌላ አገር የመጡ ስለሆኑ የሚግባቡት በእንግሊዝኛ ነው። ትንሹ ልጅ አተኩሶት መድኃኒት ታዝዞለት ነበር። ከሰዓት በኋላ ልጁ እንቅልፍ ስለወሰደው ቀስቅሳ ላለመረበሽ ብላ ሳትሰጠው ቆየች። በዚህ መካከል ማዳሟ ከሥራ ቦታ ደወለችና «ዲድንት ዩ ጊቭ ሂም ዘ ሜዲስን?» አለቻት። «መድኃኒቱን አልሰጠሽውም እንዴ?» ማለት ነው። እኅታችን «የስ» ብላ መለሰች። እኛ በአማርኛ «አልሰጠሽውም?» ስንባል «አዎ» ብንል «አዎ፣ አልሰጠሁትም» ማለታችን ነው። በእንግሊዝኛ ግን «የስ» ካልን «ሰጥቼዋለሁ» ማለት ይሆናል፤ አለመስጠታችንን የምንናገረው «ኖ» ብለን ነው። ማዳሟ ልጁ መድኃኒቱን ወስዷል ብላ ተረጋጋች። ማታ ትኩሳቱ ጨመረ፣ ጠርሙሱ ሲታይ አልጎደለም፣ እኅታችንም ውሸታም ተባለች። እርሷ ግን አልዋሸችም። በአማርኛ አስባ በእንግሊዝኛ መለሰች እንጂ።

ይህን ስንሰማ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ስንማር ይህን ልዩነት የነገረን መምህር ማን ነበር ብለን ብናስብ አንድም አላገኘንም። «ፓሲቭ ቮይስ» የሚባለውን ግን በየክፍሉ እየደጋገምን ተምረናል።

የሰሌዳው እንግሊዝኛ

የብዙዎቻችን ክፍል ምን ይመስል እንደነበር አትረሱትም። መምህሩ ይገባል፣ ርእሱን በሰሌዳ ይጽፋል፣ ሕጉን በአማርኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ ያስረዳል፣ ሦስት ምሳሌ ይጨምራል፣ እኛ እንገለብጣለን። «አበበ ደብዳቤውን ጻፈ» የሚለው ዐረፍተ ነገር «ደብዳቤው በአበበ ተጻፈ» ወደሚለው ይዞራል። ፈተናው ምርጫ ስለሆነ ትክክለኛውን ፊደል ያከበበ እንግሊዝኛ ዐወቀ ተባለ። አፋችን ግን አልተከፈተም።

እስቲ ሒሳቡን እናስላው። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው እንበል፤ በክፍሉ 70 ተማሪ አለ። መምህሩ ጭራሽ ሳይናገር ጊዜውን ሁሉ ለተማሪዎቹ ቢያካፍል ለአንዱ የሚደርሰው 34 ሰከንድ ያህል ነው። መምህሩ ግማሹን ጊዜ ከተናገረ 17 ሰከንድ ይቀራል። እርሱም ቢሆን ከፊት ወንበር የተቀመጡት አምስት ስድስት ጎበዞች ይወስዱታል። ከኋላ የተቀመጠችው ልጅ ሴሚስተሩን ሙሉ አንድ ዐረፍተ ነገር ሳትናገር ታልፋለች። አንድ ቀን ተነሥታ ብትሳሳት ደግሞ ክፍሉ ይስቃል፤ ከዚያ ወዲያ እጇን አታነሣም። ዋና በሰሌዳ ላይ ተምሮ ወንዝ የገባ ሰው ቢሰምጥ «ለዋና አልተፈጠረም» አይባልም።

ይህን ስንል መምህራኑን ለመውቀስ አይደለም። እነርሱም በዚሁ መንገድ ተምረው የወጡ ናቸው። እንግሊዝኛን ከመጽሐፍ እንጂ ከአፍ ያልሰማ ሰው እንዲያስተምር ተልኳል። መንግሥትም ችግሩን ስላየ ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ መምህራን እንግሊዝኛቸውን የሚያሻሽሉበት ሥልጠና በአገር ደረጃ ተሰጥቷል። ሆኖም ለጥቂት ሳምንታት ሠልጥኖ 70 ተማሪ ወዳለበት ክፍል የተመለሰ መምህር ወደ ሰሌዳው ቢመለስ የሚያስደንቅ አይሆንም።

እዚህ ላይ የአብነት ትምህርት ቤቱን ብናስታውስ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። ከእናንተም ዳዊት የደገማችሁ፣ ወንድሞቻችሁ የደገሙ አላችሁ። ልጁ ፊደል ይለያል፤ ከዚያ ቁጥር፣ ግዕዝ፣ ውርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ እያለ ይሄዳል። ልጆቹ ሁሉ በአንድ ላይ ይጮኻሉ፤ የውጭ ሰው የሚያየው ይህን ጩኸቱን ብቻ ነው። ዋናው ነገር ግን የኔታ እያንዳንዱን ልጅ ፊታቸው አስቀምጠው ብቻውን ማስነበባቸው ነው። ያልያዘው ወደሚቀጥለው አይሻገርም፣ የያዘው ደግሞ ታናሹን ያስጠናል። ዘመናዊው ክፍል በአንድ ላይ ማስጮኹን ወረሰ፣ አንድ በአንድ ማድመጡን ግን ተወው። በርግጥ የአብነቱ መንገድ የራሱ ወሰን አለው። ልጁ ዳዊትን በቃሉ ሲወጣው ትርጉሙን ገና አያውቅም፤ ትርጓሜው ኋላ በሌላ ጉባኤ ይመጣል። ለንባብና ለጸሎት ይህ ይሠራል። ገበያና ሐኪም ቤት ለምንናገረው ቋንቋ ግን ትርጉሙ ከድምፁ ጋር አብሮ መምጣት አለበት።

ታላላቆቻችን «የድሮ አራተኛ ክፍል ከዛሬው ዲግሪ ይሻላል» ሲሉ ሰምታችሁ ይሆናል። ይህን አባባል እንደ ወረደ አንቀበለውም፤ ሆኖም ምክንያት አለው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1908 የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ነበሩ፤ በዚያ ዘመን ከውጭ ቋንቋዎች ሚዛን ይደፋ የነበረውም ፈረንሳይኛ ነው። እንግሊዝኛ ቦታውን የያዘው በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው። ከዚያም እንግሊዞችና ሕንዶች አስተማሩ፤ እንደ ፈረንጆች በ1962 ደግሞ ወደ 300 የሚጠጉ የአሜሪካ ሰላም ጓዶች በአንድ ጊዜ መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተመደቡ። መምህሩ አማርኛ አይችልምና ወደ ውጭ ለመውጣት ለማስፈቀድ እንኳ በእንግሊዝኛ መናገር ግድ ነበር። ተማሪውም ጥቂት ነው። የድሮው ተማሪ የተሻለ ጭንቅላት ስላለው ሳይሆን ቋንቋውን የሚናገርበት ምክንያትና ተራ ስላገኘ ነው የለመደው። ኋላ ትምህርት ቤት በየገጠሩ ተስፋፋ፤ ይህ መልካም ነው፤ ከእኛ ብዙዎቻችን ያለዚያ ፊደል አንቆጥርም ነበር። በመምህራን ዝግጅት በኩል ግን ፍጥነቱ እኩል አልሄደም።

የፕላዝማ ልጆች

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ደግሞ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ እንዲሆን ደነገገ። ዘጠነኛ ክፍል ስንገባ ታሪኩም፣ ባዮሎጂውም፣ ሒሳቡም በአንድ ክረምት እንግሊዝኛ ሆኖ ጠበቀን። በዚህ ላይ በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ መጣ።

እኛም ይህን የምንጽፈው የፕላዝማ ልጆች ነን። ለማታውቁት ታናናሾቻችን እናስረዳ፤ ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ይዘጋጅና በሳተላይት በየክፍሉ ወደተሰቀለው ትልቅ ቴሌቪዥን ይተላለፍ ነበር። በመላ አገሪቱ ያለ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በአንድ ሰዓት አንድ ዐይነት ትምህርት ያያል። ክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ቴሌቪዥኑ ይወስደዋል፤ ለክፍሉ መምህር መጀመሪያ ላይ ለማስተዋወቅ፣ መጨረሻ ላይ ለማጠቃለል ጥቂት ጥቂት ደቂቃ ይተርፈዋል። የቴሌቪዥኑ መምህር በጥሩ እንግሊዝኛ በፍጥነት ይናገራል። ጥያቄ ያቀርባል፣ «በደብተራችሁ ሥሩ» ይላል፣ ሙዚቃ ይሰማል፣ ጥያቄውን ገልብጠን ሳንጨርስ መልሱ መጥቶ ያልፋል። «ቆይ፣ ድገመው» ብንለው አይሰማም። መብራት ከጠፋማ የዚያ ቀን ትምህርት ሄደ ማለት ነው፤ ስርጭቱ እኛን አይጠብቅም።

እውነቱን ለመናገር ጥቅም አልነበረውም አንልም። ቤተ ሙከራ በሌለበት ትምህርት ቤት የኬሚስትሪን ሙከራ በዓይናችን አይተናል፤ የጠራ እንግሊዝኛ በጆሯችን የገባውም ያኔ ነው። ነገር ግን ፕላዝማ አንድ ነገር ግልጽ አድርጎ አሳየን። ቴሌቪዥን መናገር ይችላል፣ ማድመጥ አይችልም። የተማሪው ፊት ሲጨልም አያይም። የክፍሉ መምህር ያያል፤ ነገር ግን በራሱ ክፍል እንግዳ ሆኖ በር ሥር ቆሞ ነበር። ዛሬም በስልካችሁ የምታዩት የእንግሊዝኛ ትምህርት ቪዲዮ ይኸው ጠባይ አለው፤ የሚሻለው ማቆምና መድገም በመቻላችሁ ነው።

የማድመጥንና የመጠበቅን ነገር ያጠኑ አሉ። ሜሪ ባድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት እንደ ፈረንጆች በ1970ዎቹ የክፍል ውስጥ ንግግሮችን ቀርጸው ሲመረምሩ መምህራን ከጠየቁ በኋላ መልስ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ሆኖ አገኙት። መምህሩ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲታገሥ የተማሪዎቹ መልስ ይረዝማል፣ «አላውቅም» የሚለው ይቀንሳል፣ ዝምተኞቹም ይናገራሉ። ይህ ጥናት የተደረገው ልጆቹ በሚያውቁት ቋንቋ ነው። እኛ ጥያቄውን ወደ አማርኛ ልናመጣ፣ መልሱን ልናስብ፣ እንደገና ወደ እንግሊዝኛ ልንመልስ ነውና ሦስቱም ሰከንድ አይበቃንም።

እንግሊዝኛ ቶሎ ከተጀመረ ቶሎ ይለመዳል የሚለው አሳብም እንደሚመስለው አይደለም። የትምህርት ሚኒስቴር አስጠንቶ እንደ ፈረንጆች በ2007 የወጣው ጥናት የአገራችንን ክልሎች ሲያወዳድር፣ እስከ ስምንተኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩ ልጆች በሒሳብና በሳይንስ የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አሳይቷል። በራስ ቋንቋ ማንበብ መሠረት ነው፤ እንግሊዝኛው በላዩ ይገነባል። መሠረቱ ደግሞ ራሱ የሳሳ ነበር። በ2002 ዓ.ም. በተደረገ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ በገዛ ቋንቋቸው አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም።

የ2014 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ሰምታችሁ በየቤታችሁ አዝናችኋል። ጦርነትም ነበረ፣ ኮሮናም ነበረ፣ ምክንያቱ አንድ አይደለም። ሆኖም የፈተናው ወረቀት በብዛት በእንግሊዝኛ መሆኑን መርሳት አይገባም። ሒሳቡን የሚያውቅ ልጅ ጥያቄውን ማንበብ ካቃተው ሒሳቡም አብሮ ይወድቃል።

ጥሩ መምህር በምን ይታወቃል

በመካከላችሁ ዓርብ ዓርብ እንግሊዝኛ ለመማማር የጀመራችሁ አላችሁ። አንዳንዶቻችሁም ለሚያስተምር ሰው ከደመወዛችሁ ትከፍላላችሁ። ስለዚህ ምን መመልከት እንዳለባችሁ ያየነውን እንንገራችሁ።

ጥሩ መምህር የእናንተን ቋንቋ ጠባይ ያውቃል። አማርኛ «መጣች» ሲል ማን እንደመጣ በቃሉ ውስጥ አለ። እንግሊዝኛ ግን «ሺ» የሚለውን ለብቻው ይፈልጋል፤ ሳንጨምረው ስንቀር ሰሚው ማን እንደመጣ አያውቅም። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ያስቀምጣል፣ «ዳቦ በላሁ» ይላል፤ እንግሊዝኛ ከመካከል አስገብቶ «አይ ኤት ብሬድ» ይላል። በፊደላችን የሌለ ድምፅም አለ። «አስባለሁ» ለማለት «አይ ሲንክ» ስንል ፈረንጁ የሚሰማው «እሰምጣለሁ» ነው፤ ዕቃ የምታጥቡበትም «ሲንክ» ነውና። ምላስን በጥርስና በጥርስ መካከል አውጥቶ የሚያሳይ፣ አፋችሁን አይቶ የሚያስተካክል መምህር ይህን በአምስት ደቂቃ ይፈታዋል። የ«የስ»ና የ«ኖ»ንም ነገር እንዲሁ።

ሁለተኛው ተራ መስጠቱ ነው። ትምህርቱ ሲያልቅ «ዛሬ እኔ ስንት ዐረፍተ ነገር ተናገርኩ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። መምህሩ አንድ ሰዓት ሙሉ ቢናገርና እናንተ ሁለት ቃል ብቻ ብትናገሩ ትምህርቱን የተማረው እርሱ ነው። በርከት ካላችሁ ሁለት ሁለት ሆናችሁ እንድትነጋገሩ የሚያደርግ ይሻላል፤ በ17 ሰከንድ ፈንታ ሃያ ደቂቃ ታገኛላችሁ። ስትሳሳቱ የሚስቅ ከሆነ ደግሞ ትታችሁት ሂዱ። የሚያስደነግጥ መምህር ዘንድ አፍ አይፈታም። ስሕተቱን ሳያቋርጣችሁ ሰምቶ፣ ትክክለኛውን ራሱ ደግሞ የሚያሰማችሁን ያዙ። «በ30 ቀን እንግሊዝኛ» የሚለውን መጽሐፍ ግን እንዳትገዙ ባንከለክላችሁም፣ ሠላሳኛው ቀን ላይ የደረሰ ሰው እስካሁን አላገኘንም።

መምህር ሁልጊዜ ጠመኔ የያዘ ሰው ላይሆን ይችላል። በኦማን መንግሥት ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ ቀድሞ ከአራተኛ ክፍል ነበር የሚጀመረው፤ መሠረታዊ ትምህርት የተባለው ሥርዓት እንደ ፈረንጆች በ1998 መተግበር ሲጀምር ወደ አንደኛ ክፍል ወረደ። እዚህ አል አመራት አንዲት እኅታችን የምታሳድገው የአንደኛ ክፍል ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የተማረውን መዝሙር እየዘፈነ ራሱን፣ ትከሻውን፣ ጉልበቱን እየነካ ያሳያታል። እናቱ ፈቅዳላት ማታ ማታ አብራው ትቀመጣለች። ልጁ ሲያስተምራት ደስ ይለዋል፤ ስትሳሳት ይስቃል፣ እርሷም አብራው ትስቃለች። ሰውነቷን እየነካች የተማረችውን ቃል አልረሳችም፤ ሐኪም ቤት የሄደች ቀን የሚያማትን ቦታ ራሷ ተናግራለች። የሰሌዳ ትምህርት በስንት ዓመት ያላደረሳት ቦታ ነው።

ወጥታችሁ የመማር ዕድል የሌላችሁ ብዙ እንደሆናችሁ እናውቃለን፤ የዓርብ ዕረፍት ለሁሉም አይሰጥም። በዋትስአፕ የድምፅ መልእክት ሁለት እኅቶች ማታ ማታ እየተላላኩ የቀናቸውን ውሎ በአምስት ዐረፍተ ነገር መናገር ይችላሉ። መጻፍ አያስፈልግም። ሰሚ መኖሩ ነው ዋናው።

የመጨረሻው ለልጆቻችሁ የምትልኩት ገንዘብ ነው። ብዙዎቻችሁ ከደመወዛችሁ ትልቁን ድርሻ ለኬጂና ለአካዳሚ ትከፍላላችሁ። በሩ ላይ የእንግሊዝኛ ስም ስለተጻፈ ብቻ እንግሊዝኛ አለ ማለት አይደለም። የምታሳድገውን አያት ወይም አክስት «ደብተሩን በቪዲዮ አሳዩኝ» በሉ። ገጹ ሁሉ ከሰሌዳ የተገለበጠ ከሆነ፣ የመምህሩም እርማት ከሌለበት፣ ልጃችሁ ያገኘው እኛ ያገኘነውን ነው። በክፍሉ ስንት ልጅ እንዳለ ጠይቁ። አማርኛውን ወይም የአካባቢውን ቋንቋ አጥርቶ ያነብ እንደሆነ አስነብባችሁ ስሙት። በስልክ ስታገኙት ደግሞ «ኤቢሲዲ በልልኝ» አትበሉት፤ እርሱን በቀቀንም ይለዋል። «አሁን ከፊትህ ምን አለ?» ብላችሁ በእንግሊዝኛ ጠይቁት።

ባለፈው ሰሞን አንዲት እናት ከእኛው ጋር ተቀምጣ ይህንኑ ለሰባት ዓመት ልጇ አቀረበችለት። ልጁ ዝም አለ። ልታልፈው ስትል እጃችንን አነሣንና ጠበቅን። እስከ ስድስት ያህል ቆጠርን። ከዚያ «ካፕ» አለ። «ዋት ከለር?» አለችው። እንደገና ዝምታ ሆነ፤ ከሩቅ አያቱ ሊነግሩት ሲሞክሩ «ተዉት እማማ፣ እርሱ ይበል» አለቻቸው። «ሬድ» አለ። ቀጥሎ እርሱ ራሱ «ማሚ፣ ዋት ኢዝ ዘት?» ብሎ በስክሪኑ ከኋላዋ የሚታየውን የአል አመራትን ራቁት ተራራ ጠየቃት። ቃሉ ጠፋባትና ወደ እኛ ዞረች። እኛም ዝም ብለን ጠበቅናት።